የአያ ኑርዬ የተልባ ዘይት

እሮብ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ደጋግሜ ለማስታወስ ሞክሬአለሁ፤ የተለየ ነገር አላገኘሁበትም። ታላቅ ወንድሜ ኑርዬ በጠዋት የእንጨት ወርክሾፑ ገብቷል። እኔ ባጃጄን ይዤ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ሆስፒታል ስመላለስ ቆየሁ። አራት ሰዓት ገደማ በደጁ ሳልፍ ሁለት ጣቱን አነሳልኝ። በስሜ አይጠራኝም፤ ማንን እንደሚጠራ ሰው እንዲሰማ አይፈልግም። ሁለት ጣት ማለት ና ማለት ነው።

«ስትመጣ ማን አየህ?» አለኝ።

«ቆቦ በሙሉ ነዋ አያ። በአስፋልት አይደል የመጣሁት!»

«አብዱ ሱቁ ደጅ ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«ወደዚህ ያያል ወይስ ወደ መንገዱ?»

«ሻይ ይጠጣል።»

«ሻይ እየጠጣ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ሻዩ» አልኩት። አልሳቀም።

አፉ በሽቦ የታሰረ ማዳበሪያ አወጣና ባጃጁ ውስጥ፣ እግሬ ሥር አስቀመጠው። «ቤት ውሰደው። ዕቃ ቤት ያለው ባዶ በርሜል ውስጥ ክተተውና ክዳኑን ግጠመው። በሩን ቆልፍ። ዘሃራም ብትሆን እንዳትፈታው» አለኝ። ዘሃራ ሚስቱ ናት። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ጨርቅ ነው፤ ዘይት የጠረገበት አሮጌ ጨርቅ፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ የታጨቀ። እግሬን ሲነካኝ ሞቀኝ።

«አያ፣ ይሞቃል እኮ።»

«ቆቦ ውስጥ የማይሞቅ ምን አለ?» አለና ሳቀ። እሱ ብዙ አይስቅም። እሱ ሲስቅ ጊዜ እኔም ሳቅሁ። የባጃጁ መሪ ራሱ ያቃጥል ነበር፤ ወሩ ሰኔ ነበር፣ ዝናብ ገና አልጣለም። ማዳበሪያውን ወሰድኩ፣ እንዳለኝ በርሜሉ ውስጥ ከተትኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ቆለፍኩ። አመሻሽ ላይ ዘሃራ «ከዕቃ ቤት የሆነ ነገር ይሸተኛል» ብትል «የአያ ዘይት ነው» አልኳት። ነገሩ በዚሁ አለፈ።

በማግስቱ ሐሙስ ወርክሾፑ ተቃጠለ። ወንድሜ አልተረፈም።

መጻፍ የለመደ እጅ የለኝም። ትምህርቴ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ግን ስለ እሱ የሚወራውን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንዱ ወልይ፣ የአላህ ወዳጅ ያደርገዋል፣ ሌላው እብድ ያደርገዋል። ሁለቱም አልነበረም። አናጢ ነበር። አባታችን ሲሞት እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው።

ቀጭንና ረጅም ነበር። ጣውላ ቀጥ ማለቱን ሲያይ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኙ ጫፍ እስከ ጫፍ ይመለከታል። ሰውንም እንደዚያው ነው የሚያይ። አዲስ ሰው ሰላም ሲለው ግራ ዓይኑ ቀስ ብሎ ይጨፈናል። የማያውቁት ይጠቅሳቸው ይመስላቸው ነበር። አንዴ አንዲት ሴት በዚህ ተጣልታዋለች።

አንድ ቃል ነበረችው፤ «እስቲ ይደር» የምትል። ዝናብ ሊመጣ ነው ብትለው «እስቲ ይደር»። እገሌ ታረቀ ብትለው «እስቲ ይደር»። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ አልመጣልኝም ብዬ እያለቀስኩ ስገባ እንኳ ወረቀቱን ተቀብሎ አየና «እስቲ ይደር፤ ተሳስተው ይሆናል» አለኝ። አደረ። አልተሳሳቱም። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሰው ነው የቀየረብህ ይል ነበር።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ ተሰደን ስንመለስ ወርክሾፑ ባዶ ነበር። የሁሉም ሰው ቤት እንደዚያው ነበርና መዘረፉ ብዙም አልገረመው። ከወራት በኋላ ግን እጀታውን ራሱ የጠረበውን መላጊያ በሚያውቀው ሰው እጅ አየው። ሰውዬው «ከገበያ ገዝቼው ነው» አለ። አያ መላጊያውን ተቀበለ፣ ገልብጦ አየው፣ መልሶ ሰጠው። «ጥሩ መላጊያ ነው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኔ አብሬው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ለሶላት ሲሄድ እንኳ የኮላው ጣሳ የት ድረስ እንደሆነ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ነው የሚወጣ።

የቫርኒሹ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎብዬ ከተማ ሻይ ቤት ያለው አንድ ሰው ደጁ ላይ የሚያስቀምጠው አግዳሚ ወንበር አዘዘው። አያ ከዋንዛ ሠራለት፤ ከአብዱ ሱቅ በገዛው ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀባው። አብዱ ከእኛ ወርክሾፕ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ቀለምና ሚስማር የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ባለሻይ ቤቱ ሲረከበው ወንበሩ ፊትህን ያሳይህ ነበር። አንድ ክረምትና አንድ በጋ አለፈ። ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፤ ከሥሩ ያለው እንጨት አመድ መሰለ። ባለሻይ ቤቱ ወንበሩን በጋሪ አስጭኖ በገበያ ቀን አምጥቶ ደጃችን ላይ አወረደው።

«ኑርዬ!» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ወንበርህ እከክ ይዞታል፤ አሳክመው።»

ገበያተኛው ሳቀ። አያ ከወንበሩ አንድ ልጣጭ ነቅሎ አሸተተ፣ ምላሱ ላይ አደረገ፣ ተፋ። «ናፍጣ» አለ። አስፋልቱን ተሻግሮ አብዱ ሱቅ ገባ። እኔም ተከተልኩት።

«ናፍጣ ቀላቅለህበታል።»

«ኑርዬ፣ በአላህ! ጣሳው እንደታሸገ ነው የሚመጣ። እኔ ከፍቼ ልሸጥልህ?»

«መክፈትና ማሸግ አንድ ሰዓት አይፈጅም።»

«ናፍጣውን ከየት አምጥቼ? ለጄኔሬተሬ እንኳ ተሰልፌ አይደል የምቀዳው!»

ጣሳውን አንስቼ ጽሑፉን አነበብኩ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ቢሆንም ያቺን አላጣኋትም። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆን ነው ይላል። ፀሐይና ዝናብ ለሚያገኘው ሌላ ዓይነት አለ ማለት ነው። «አያ፣ ይሄ ለውጭ አይሆንም። እዚህ ጋ ተጽፏል» አልኩት። ጣሳውን ተቀብሎ ግራ ዓይኑን ጨፈነ።

«ማን ጻፈው?»

«ፋብሪካው ነዋ።»

«አብዱ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ዘመድ የለውም?»

አብዱ ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ከአብዱ ሱቅ ሚስማር እንኳ ገዝቶ አያውቅም።

ይልቅ የራሱን መፈለግ ጀመረ። የግቢያችን የምዕራቡ ግንብ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ዝናቡም ከዚያው ወገን ነው የሚመጣ። እዚያ ላይ ስድስት ቁራጭ ጣውላ ሰቀለ። አንዱን ባዶውን ተወው። አንዱን ቫርኒሽ፣ አንዱን የዘይት ቀለም፣ አንዱን ከጋራዥ ያመጣውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ አንዱን ጥሬ የተልባ ዘይት፣ የመጨረሻውን ደግሞ አፍልቶ ሰም የጨመረበት የተልባ ዘይት ቀባ። ጫፋቸውን ከገጻቸው እጥፍ ነው ያጠጣ። «እንጨት በጫፉ ነው የሚጠጣ፤ ጎኑን ሰው ያየዋል ብለው ይቀባሉ፣ ጫፉን ይረሱታል» ይል ነበር። ከሥራቸው ስማቸውን ጻፈ። ቀለም ያለበትን «ዘይት»፣ ዘይት ያለበትን «ባዶ» አለው።

«ለምን ታሳስታለህ?» አልኩት።

«ሰው ቢያይስ?»

«በግንቡ ዘሎ ገብቶ?»

«እስቲ ይደር» አለኝ።

ሁለት ዓመት ጠበቀ። ሁለት ክረምት፣ ሁለት በጋ። ዝናብ ባባራ ቁጥር ከሥራቸው ቁጢጥ ብሎ ይመለከታል። ቫርኒሹ እንደ ወንበሩ ሆነ። የዘይት ቀለሙ ከላይ ደህና ይመስል ነበር፤ በአንዲት ስንጥቅ ውኃ ገብቶ ግን ቀለሙ ሥር አበሰበሰው። የሞተር ዘይቱ ምስጥ አላስነካም፤ ግን የተደገፈበትን ልብስ ሁሉ ያጠቁራል። ጥሬው ተልባ ሙጫ ሆኖ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰበሰበ፤ በክረምት ሻገተ። ስድስተኛው ላይ ውኃው ድብልብል ብሎ ቆመ። እንጨቱ ቀለሙ ትንሽ ጠቆር አለ እንጂ ምንም አልሆነም። አያ ጠብታዋን በጣቱ ገፋት። ተንከባለለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እሱ ወደ በሩ ነው የዞረ፤ የታየ መስሎት።

አሠራሩን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። እኔም የማውቀው ባጃጅ ስላለኝ ነው። ተልባውን የሚገዛ ከጊዳን ደጋ ከምትመጣ እትዬ አለሚቱ ከምትባል ሴት ነው። ለምን እንደሚገዛ እንዳይታወቅበት ለሚስቱ ጨጓራ ነው አላት። ሴትዮዋ ደግ ናት። በመጣ ቁጥር «ያቺ ምስኪን እንዴት ሆነችልህ?» ትለዋለች። «ያው ናት» ይላል። አንድ ቀን ዘሃራ ገበያ ወጥታ ተገናኙ።

«አንቺ ነሽ እንዴ የኑርዬ ሚስት? እግዜር ይማርሽ እናቴ! እንዲህ ቀልተሽ፣ ወፍረሽ፣ ማን በሽተኛ ይልሻል!» አለቻት፤ አቅፋ ሳመቻት።

ዘሃራ ቤት ስትገባ ዘንቢሉን ወረወረችው። «ጠጠር ብበላ የሚፈጭ ሆድ ነው ያለኝ! በምን ዕዳዬ ነው ገበያ ለገበያ በሽተኛ የምታደርገኝ?»

«ምን ልበላት ታዲያ?»

«አናጢ ነኝ፣ እንጨት እቀባበታለሁ በላታ!»

«እንደዚያ ባልኩ በሳምንቱ አብዱ በጣሳ አሽጎ ይሸጠዋል።»

«ይሽጠው! ሁሉን አንተ ትሽጥ?»

አያ እስከ መጨረሻው ለእትዬ አለሚቱ እውነቱን አልነገራትም።

ከዚያ የመስጊዱ ሥራ መጣ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሶላት እስኪደርስ ግቢው ውስጥ የሚቀመጡባቸው ስድስት አግዳሚ ወንበሮች። ጥላ የለውም ቦታው። አያ ለዚህ ሥራ እንቅልፉን አጣ። «ያን ቀን የሳቀው ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይቀመጣል» አለኝ። በስድስተኛው ጣውላ ዘይት ሦስት ጊዜ ሊቀባቸው ነው። ሲቀባ ዘይቱን ካጠጣ በኋላ የተረፈውን በጨርቅ ጠርጎ ማንሳት አለበት፤ ካልጠረገው እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ለስድስት ወንበር ብዙ ጨርቅ ይሄዳል። የዘሃራ አሮጌ ሻርፕ፣ የእኔ ሸሚዝ፣ አንሶላ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለቀ።

ሌሎች አናጢዎች ጨርቃቸውን ደጅ ይወረውሩታል፣ አጥር ላይ ያሰጡታል። አያ ይህን አያደርግም። ሽታው ምስጢሩን ያወጣብኛል ባይ ነው። ጠቅጥቆ ማዳበሪያ ውስጥ ያስገባል፣ አፉን በሽቦ ያስራል፣ የሰጋቱራው ክምር ውስጥ ይቀብረዋል። ከመጋዙ ሥር የሚጠረገው ብናኝ እዚያው ጥግ ላይ ተቆልሎ ነበር። ሲበዛበት በእኔ ባጃጅ ቤት ይልከዋል።

ሰኞ ዕለት አብዱ በደጃችን ሲያልፍ ቆም አለ። አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ «ኑርዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸት? ተልባ ልትጠጣ ነው እንዴ?» አለ። ለጨዋታ ነበር ያለው። እኔ እዚያው ባጃጄ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ፊቱን አይቼዋለሁ።

አያ መዶሻ እንደያዘ ወጣ። «ሰላይ! ለዚህ ነው ጠዋት ማታ ደጄን የምታይ?»

«አቦ! ምን ሆንክ?»

«መጀመሪያ ናፍጣ ሸጥክልኝ፤ አሁን ደግሞ የልፋቴን ልትሰርቅ!»

ሰው ተሰበሰበ። አብዱ ተናደደ፣ ፊቱ ቀላ። «አንተ ሰውዬ» አለ፣ ጣቱን እየቀሰረ፣ «በጥርጣሬ ተቃጥለህ ትሞታለህ!»

መሀል ገብተን አለያየናቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አያ የመጨረሻውን ዙር ቀባ። ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት ሲደርስ ጨርቁን የእሮብ ከሰዓቱ ያለበት ማዳበሪያ ውስጥ አጭቆ፣ ሰጋቱራው ውስጥ ቀብሮ፣ ቆልፎ መስጊድ ሄደ። እኔ መናኸሪያ ነበርኩ። ጭሱን አየሁት፤ የማሽላ አገዳ የሚያቃጥል ገበሬ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ሰው ሲሮጥ አየሁ።

ከሶላት ሲመለስ ነው እሳቱን ያገኘው አሉኝ። በሩን ከፍቶ ገባ። አንድ ወንበር ጎትቶ አወጣ። ሁለተኛ አወጣ። ያዙት፤ አመለጣቸው። ለሦስተኛው ሲገባ የአኳራጁ ጣሳ ፈነዳ፤ ያ ቀለም የሚያቀጥኑበት ነገር ነው፣ እሳት ሲያገኝ አይጣል ነው። በራሴ ባጃጅ ነው ሆስፒታል የወሰድኩት። አንድ ጎረቤት ከኋላ ደግፎት ነበር። መንገድ ላይ ዓይኑን ገለጠ።

«ማን ነበር?» አለኝ።

«አያ ዝም በል፣ አትናገር።»

«ደጁ ላይ... ማን ነበር?»

ሌላ ነገር አልተናገረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለፈ። አላህ ይርሃመው። ጀናዛው ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ወጣ።

አብዱ ቀብር አልመጣም። ሱቁን የዘጋው ገና ጭሱ ሳይበርድ ነው። ከመቃብር ስንመለስ ሰው ሁሉ ይህንኑ ነበር የሚያወራ። ሰኞ የተባለውን ቃል የሰማም ያልሰማም ይደጋግመው ነበር፤ እየተደጋገመ ግን አጠረ። «በጥርጣሬ» የምትለዋ ወደቀች። የቀረው «ተቃጥለህ ትሞታለህ ብሎታል» ብቻ ነው። እኔ ሙሉውን ሰምቼ ነበር። ሆኖም አላረምኳቸውም።

አጎታችን ይማም ከዋጃ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል። የአባታችን ታላቅ ነው፤ ሲናገር ሰው ዝም ይላል። «ሰኞ ትቃጠላለህ አለው፣ ሐሙስ ተቃጠለ። ንጹሕ ሰው ቀብር ይቀራል?» አለ። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ አጥፊውን የሚያወጣበት አውጫጪኝ እንዲቀመጥ ወሰኑ። አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አውጫጪኙ ስሙን ያወጣልናል። ከዚያ በኋላ ያለው ያንተ ነው። ወንድም አለው እንዲባል ነው።»

እሱ የሚለው ገብቶኛል። እዚህ አገር ይህ ሲባል ደም መመለስ መሆኑ የማይገባው የለም። እኔም አምኜ ነበር። ወንድሜ ማን ነበር ብሎ ጠይቆኛል፤ መልሱ አብዱ ነበር የመሰለኝ። በዚያች አመሻሽ ምን እንዳሰብኩ አልጽፈውም።

አርብ ጠዋት ለቀስተኛ መምጣት ሳይጀምር ዘሃራ «ውኃ የምንሞላበት ስለሌለ ያን በርሜል አውጣልኝ» አለችኝ። ድምጿ ተዘግቶ ነበር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከእሮብ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው። ከፈትኩ። የበርሜሉን ክዳን ሳነሳው የጭስ ሽታ አፈነኝ።

ማዳበሪያው አንድ ጎኑ ቀልጦ ተጣብቋል። ሽቦውን ፈታሁት። ከላይ ያለው ጨርቅ ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል እንጂ አልተቃጠለም። ከሥሩ ያለው ቡናማ ነው። እጄን ወደ መሀሉ ስከት ጨርቁ ጣቶቼ መሀል ፈረሰ፤ ከሰል ሆኗል። ልቡ ላይ አመድ ነው ያገኘሁት።

መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልናገር። አብዱ እዚህም ገብቷል ብዬ ነው ያሰብኩ። ወላሂ። የወንድሜ ወንድም ነኝ። ቁልፉን አየሁ፣ በሩን አየሁ፣ መስኮት የለውም። ክዳኑ እኔ እንደገጠምኩት ነበር። ደግሞስ ሰው እሳት ቢለኩስ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚቃጠል። ይህ ከውስጥ ነው የጀመረ፤ በርሜሉ አየር ስለከለከለው መሀል ላይ ጠፍቷል። ያኔ እሮብ እግሬን የነካኝ ሙቀት ትዝ አለኝ። ይሞቃል እኮ ብዬው ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ በርሜል አልነበረም፤ ሰጋቱራ ነው የነበረ።

ሰውን ሁሉ ተጠራጥሯል ወንድሜ። ጣሳውን፣ ጽሑፉን፣ ተልባ ሻጯን፣ የአብዱን ሻይ። ሙቀቱን አልተጠራጠረም። ቆቦ ተወልዶ ሙቀት ማን ይጠረጥራል?

ዘሃራ ቆየብኝ ብላ መጣች። አየችው።

«ማን አቃጠለው?»

«ማንም። ዘይት የነካው ጨርቅ ሲታጨቅ ራሱ ነው የሚግል። የአያ ጨርቅ ነው።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ለሰው አትንገር» አለችኝ። «በገዛ እጁ ተቃጠለ ይሉታል። ያ ሁሉ ጥንቃቄው መሳቂያ ይሆናል። በሕይወቱ የሳቁበት አይበቃም?»

«እሺ» አልኳት። እሺ ያልኩት ከልቤ ነው። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ።

እሷ ግን አልተነሳችም። ሻርፗን ጫፉን እየጠቀለለች «አብዱ ስንት ልጅ ነው ያለው?» አለች።

«አራት።»

ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «ሂድ» አለችኝ ከውስጥ። «አጎትህ ሳይነቃ ሂድ።»

አብዱ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በበሩ ቀዳዳ አይታኝ «የለም፣ ደሴ ሄዷል» አለች። ጫማው በሩ ሥር ይታያል።

«አብዱ፣ ሙሄ ነኝ። ብቻዬን ነኝ፤ እጄ ባዶ ነው።»

የአብዱ ድምፅ ከበሩ ኋላ መጣ። «ሙሄ፣ በቁርአን ይዤ እምልልሃለሁ አልነካሁትም። ቀብር መቅረቴን አውቃለሁ። ፈርቼ ነው።»

«እንዳልነካኸው አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቃለህ? ማን ነገረህ? አጎትህ ነው የላከህ?»

አሁን እሱ ሆነ ተጠራጣሪው። በሩን ሊከፍትልኝ አልቻለም። ያለኝ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ሁሉንም ልነግረው ነው። በር ደፍ ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ተልባው ከጊዳን እንደሚመጣ። መጭመቂያ ቤት ወስደን እንደምናስጨምቀው። በዝግታ ከሰል ላይ እንደሚፈላ፣ የዶሮ ላባ ነክሮ መድረሱን እንደሚሞክረው። ከእሳት ወርዶ ርቆ ሰሙ እንደሚገባ። ሦስት ጊዜ እንደሚቀባ፣ ጫፉ እጥፍ እንደሚጠጣ፣ የተረፈው በጨርቅ እንደሚጠረግ። ጨርቁን የት እንደሚከተው። በርሜሉ ውስጥ ያገኘሁትን። ወንድሜ ሁለት ዓመት ከዚህ ሰው የደበቀውን ሁሉ ለዚሁ ሰው ሰጠሁት።

የሄደ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በቀስታ «ላባው ሲኮማተር ነው የሚወርደው ወይስ ሲያር?» አለኝ።

«ሲኮማተር» አልኩ። አልቅሼ ነበር፤ መሳቅም ጀምሬ ነበር። የበሩ መወርወሪያ ተሳበ።

ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው። «ኑርዬ ይህን በራሱ ደረሰበት?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ያ አላህ» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ። «እንዴት ያለ ሰው ነበር።»

«ጫማህን አድርግ። ለቅሶ ቤት እንሂድ።»

«ሙሄ፣ አጎትህ...»

«በቀኜ ሁን።»

በአስፋልቱ ነው የሄድነው፣ መሀል ለመሀል። ባጃጆች ቀስ እያሉ አለፉን። ሱቅ የሚከፍቱ ሰዎች በሩን ግማሽ አድርገው ቆሙ። የለቅሶው ድንኳን ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አጎቴ ይማም ከወንበሩ ተነሳ፤ እጁ ዱላው ላይ ነበር።

«ምንድን ነው ያመጣህብን?» አለ።

አብዱን ከራሴ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። እኔ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ነበሩ፤ ኋላ በኩል የከተማው አናጢዎች ሰብሰብ ብለው ተቀምጠዋል። ብዙ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«ወንድሜን ማንም አልገደለውም» አልኩ። «አብዱ ሰኞ ምን እንዳለ ሙሉውን ሰምቻለሁ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን አናጢ የሆናችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። እጃችሁ ከሥራ በኋላ ጨርቁን የት እንደሚያስቀምጥ ልጠይቃችሁ ነው።»

ቀረቡ። ከተልባው ጀመርኩላቸው።